ሜዳ ከሆነ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው? የፎገራን ሜዳ ለልጆች ስለማስረዳት

ተራራ ማስተማር ቀላል ነው፣ ጉናን በጣት ማሳየት ነው፣ ልጁ ቀና ብሎ ያያል በቃ አለቀ። ችግሩ ሜዳ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የሚታይ ነገር ያለ አይመስለውም፣ መፅሐፉም ብዙ አያግዝም፣ "ሜዳ ማለት ለጥ ያለ መሬት ነው" ይልና ወደ አምባና ሸለቆ ያልፋል። ልጁም ይሸመድዳል፣ ፈተና ላይ ይፅፋል፣ ማርኩን ይወስዳል። ግን እዛው ሜዳ ላይ ተወልዶ ያደገ ልጅ እንኳ ቤታቸው ለምን ወንዙ ዳር ጉብታው ላይ እንደተሰራ፣ ጎርፉ ለምን ዝናቡ ሊያባራ ሲል እንደሚብስ፣ መሬቱ በበጋ ለምን እግር እስኪያስገባ እንደሚሰነጠቅ ብትጠይቁት መልሱን ከቤት እንጂ ከትምህርት ቤት አላገኘውም፣ ጂኦግራፊ መሆኑንም አያውቅም።

እኔ ሜዳን ለልጅ ማስረዳት ከውሃው መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ልጆች ከሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ ምርጡ "ቲቸር፣ ሜዳ ከሆነ ታዲያ ውሃው ወዴት ነው የሚሄደው?" የሚለው ነው፣ እሱን ጥያቄ በደንብ ከያዛችሁት አፈሩም ሰብሉም ጎርፉም ወባውም ከብቱም ሁሉም ከሱ ስር ይወጣል። ፎገራን ምሳሌ ያደረግኩት ይሄ ሁሉ እዛ በአንድ ቦታ ስለሚታይ ነው።

ፎገራ የት ነው ለምትሉ፣ ከባህር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ሐሙሲትን ስታልፉ፣ ከጉማራ ወንዝ ድልድይ ጀምሮ በወረታ አድርጎ የርብን ወንዝ ተሻግሮ አዲስ ዘመን እስክትቃረቡ ድረስ በስተግራ እስከ ጣና የተኛው አገር ነው። በስተቀኝ ደሞ መሬቱ ቀስ እያለ ይነሳና በአለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፣ ከዛ በላይ ጉና ነው። በአስተዳደር ደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ነው፣ ሜዳው ግን የወረዳ ድንበር አያውቅም፣ ወደ ደራም ወደ ሊቦ ከምከምም ይዘልቃል። ከሐይቁ በስተሰሜን ያለው የደንቢያ ሜዳም ብዙ ነገሩ ይመሳሰላል፣ እዚህ የምፅፈው አብዛኛው እዛም ይሰራል።

መጀመሪያ ከልጁ ጭንቅላት መውጣት ያለበት ነገር አለ፣ እሱም ሜዳ ማለት ዝቅ ያለ ቦታ ነው የሚለው ነው። አዋቂም እንዲህ ያስባል። ጥፋቱ ደግሞ ባብዛኛው የካርታው ቀለም ነው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የኢትዮጵያ ካርታ ዝቅታውን አረንጓዴ ከፍታውን ቡኒ አድርጎ ነው የሚቀባው፣ እና ልጁ አረንጓዴ ሲያይ ሳር ነው ብሎ ያስባል። ስለዚህ ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው፣ ጨውና ሙቀት ብቻ የሆነው የአፋር ደናክል አረንጓዴ ይሆንና ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚተኛበት ፎገራ ቡናማ ቢጫ ይሆናል። ይሄን ካላስረዳችሁት ልጁ ካርታ ማንበብ ሳይችል ነው ስምንተኛ ክፍል የሚደርሰው። ጣና ከባህር ወለል በላይ 1786 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ሜዳው ከሱ ከፍ ይላል፣ ማለትም ፎገራ ሜዳ ከድሬዳዋ ከተማ ወደ 500 ሜትር ይበልጣል፣ የጋምቤላ ሜዳ ደሞ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለው። ሶስቱን ቦታ ስጧቸውና በከፍታ ቅደም ተከተል አስቀምጡ በሏቸው፣ ብዙው ልጅ ድሬዳዋን ላይ ያደርጋታል፣ ዙሪያዋን ተራራ ስላለ። ከፍታ ሌላ፣ ተዳፋትነት ሌላ መሆኑን እዛች ላይ ነው የሚይዘው።

ከዛ ወደ ቁጥር ሂዱ፣ ግን ጥቂት ቁጥር ብቻ። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ወረታ 1830 አካባቢ፣ በመሃል ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አካፍሉ ስትሏቸው በየኪሎ ሜትሩ ከ20 ሜትር በላይ እየወረድን ነው የመጣነው ይሏችኋል። ከወረታ እስከ ጣና ዳር ደሞ ጠቅላላ የሚወረደው 50 ሜትር አይሞላም፣ በኪሎ ሜትር ሁለት ሶስት ሜትር ቢሆን ነው፣ ወደ ሐይቁ ስትጠጉ እሱም ያንሳል። አይን አያየውም። ውሃ ግን ያየዋል።

ይሄን በተግባር ለማሳየት ላብራቶሪ ምናምን አያስፈልግም። ግንበኞች ውሃ ልክ የሚሉትን ግልፅ ላስቲክ ቱቦ ተዋሱ፣ ውሃ ሙሉበት፣ አየር እንዳይገባበት ተጠንቀቁ፣ አንዱ ልጅ ጫፉን የትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዞ ይቁም ሌላው በቱቦው ርዝመት ልክ ይራቅ። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፣ አሁን ከውሃው እስከ መሬቱ ድረስ በሁለቱም በኩል በሜትር ይለኩ። ልዩነቱ መሬቱ በዛ ርቀት የወረደው ልክ ነው። ፍፁም ሜዳ ነው ብለው የማሉበት የኳስ ሜዳ ላይ እንኳን ልዩነት ያገኛሉ፣ እና ወዲያው ክረምት ላይ ውሃ የሚያቁረው በየትኛው ጎል በኩል እንደሆነ ትዝ ይላቸዋል። እዚች ላይ ዝም በሉ፣ እነሱ ራሳቸው ያገናኙት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ፣ ለጥ ያለ መሬት ከየት መጣ? ጉና ጥንት፣ ሚሊዮን አመታት በፊት፣ እሳተ ገሞራ ነበር። ዛሬ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው ተራራ የላቫ ክምር ነው። ጉማራም ርብም ከዛ አካባቢ ነው የሚነሱት። ጣና ራሱ ዙሪያው ከፍ ያለ ጎድጓዳ ቦታ ላይ በደቡብ በኩል ወደ ባህር ዳር አቅጣጫ የፈሰሰ ላቫ መውጫውን ስለዘጋበት የተጠራቀመ ውሃ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ወደ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ግን ጥልቀቱ 15 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። ሳይንቲስቶች ከሐይቁ ወለል ደለል ቆፍረው አውጥተው ሲመረምሩ የዛሬ 17 ሺህ አመት ገደማ ደርቆ እንደነበርም አግኝተዋል፣ ይሄን ለልጆች ስትነግሯቸው አይናቸው ነው የሚፈጠው፣ ጣና የሚደርቅ ነገር አይመስላቸውማ። ወንዞቹ ደሞ ያን ሁሉ ዘመን ከተራራው አፈር እየጫኑ መጥተው ሐይቁ ዳር ሲያራግፉ ኖረዋል። ሜዳው ያ የተራገፈው አፈር ነው። ሐይቁ ሰፋ ሲል የሐይቅ ጭቃ፣ ጠበብ ሲል የወንዝ ደለል፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነጠፈ።

ለምን እዛ አራገፉት? ሸክም የያዘ ሰው ሲደክመው መጀመሪያ ከባዱን ነው የሚያወርደው፣ ወንዝም እንደዛው ነው፣ ከተራራ ሲወርድ ጉልበት አለው፣ ድንጋይም ይገፋል፣ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጠፋል፣ መጀመሪያ ጠጠሩን ቀጥሎ አሸዋውን ይጥላል፣ ደቃቁን ሸክላ ግን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ ይሄዳል።

ይሄን የሚያሳየው ሙከራ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው የሚፈልገው። ግማሹን አፈር፣ ከላይ ውሃ፣ ክዳኑን ዘግቶ አጥብቆ መነቅነቅና ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ። አሸዋው ወዲያው ከስር ይቀመጣል፣ ከሱ በላይ ደቀቅ ያለው ይተኛል፣ ሸክላው ግን ውሃውን እንዳደፈረሰ ያመሻል፣ አንዳንዱ በማግስቱም አይጠራም። ልጆቹ በየፔሬዱ መጥተው ይዩት። ከተቻለ ሁለት ጠርሙስ አድርጉ፣ አንዱ አፈር ከወንዙ ዳር ሌላው ከወንዙ ራቅ ካለ ማሳ። የወንዙ ዳር አሸዋ ይበዛዋል፣ የማሳው ጥቁር ሸክላ ነው። ለምን?

እዚህ ጋር ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ወንዙ ሞልቶ ከዳርቻው ሲፈስ ፍጥነቱን የሚያጣው እዛው ዳሩ ላይ ነው፣ ስለዚህ አሸዋውን እዛው ይጥለዋል፣ በየአመቱ ትንሽ ትንሽ፣ እና ዳርቻው ከኋላው ካለው ማሳ ከፍ ይላል። ማለትም ሜዳ ላይ ከወንዝ ስትርቁ ወደ ታች ነው የምትሄዱት። ይሄ ለልጅ (ለብዙ አዋቂም) የማይዋጥ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ተራራ አገር ወንዝ ማለት ወርደህ የምታገኘው ነው። ፎገራ ላይ ግን ብዙ ቤት፣ ዛፍና የእግር መንገድ ወንዙን ተከትሎ የተሰለፈው ጉብታው እዛ ስለሆነ ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ከወንዙ ዳር ተነስታችሁ ወደ ማሳው መቶ ሁለት መቶ ሜትር ተራመዱ፣ ውሃ ልኩን ይያዙ፣ በየቦታው ይለኩ፣ ደብተራቸው ላይ ይሳሉት። ያ ስዕል ከማንኛውም የተገለበጠ ካርታ ይበልጣል።

ከዛ ቀጥሎ ያለውን ደሞ ወላጆቻቸው በደንብ ያውቁታል። ሰው ጎርፉን ለመከላከል ዳሩን በአፈርና በጆንያ ያስረዝመዋል፣ ውሃው አይወጣም፣ ጥሩ። ግን ደለሉስ? ድሮ ሜዳው ላይ ይበተን የነበረው አሁን እዛው ወንዙ ውስጥ ይቀመጣል፣ የወንዙ ወለል ከፍ ይላል፣ በሚቀጥለው ክረምት ያው ውሃ ለያው ወንዝ ይበዛበታል፣ እንደገና ዳሩ መረዘም አለበት። የጉማራ የታችኛው ክፍል ላይ በተደረገ ጥናት በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1963 እስከ 2009 ባለው ጊዜ የወንዙ ወለል ወደ 3 ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል። በአንድ የሰው እድሜ! ከጉና ግርጌ የሚታረሰው ተዳፋት፣ የተቆረጠው ዛፍ፣ የተሸረሸረው ማሳ፣ ሁሉም እዛ 3 ሜትር ውስጥ አለ። እና ዳሩ አንድ ቦታ ላይ ሲጣስ የወጣው ውሃ ወደ ወንዙ አይመለስም፣ እንዴት ብሎ ይመለስ፣ ወንዙ እኮ ከሱ በላይ ነው ያለው።

ስለ ጎርፍ ካነሳን አይቀር፣ መፅሐፍ ላይ "ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ ይከሰታል" ተብሎ የሚታለፈው ነገር ፎገራ ላይ ሶስት ነገር ነው። አንዱ ወንዙ ሞልቶ ሲጥስ ነው፣ ይሄኛው ድንገተኛ ነው፣ ላይ ጉና ዘንቦ እዚህ ጠብታ ሳይወርድ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ራሱ ሜዳው ላይ የዘነበው ውሃ መሄጃ አጥቶ ሲቆም ነው። ሶስተኛው፣ ልጆች የማያስቡት፣ ሐይቁ ነው። ጣና በጣም ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው፣ ከዛ ክረምቱን ሙሉ ይሞላል፣ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ግን ዝናቡ ካለፈ በኋላ መስከረም መጨረሻ ገደማ ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። አንድ ሜትር ተኩል ጉና ላይ ምንም አይደለም። በኪሎ ሜትር ሁለት ሜትር እንኳን በማይወርድ የሐይቅ ዳር መሬት ላይ ግን ውሃው ሩቅ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የወንዞቹን አፍም ይዘጋባቸዋል፣ ወንዙ ሊገባ ሲል ሐይቁ አልቀበልም ይለዋል፣ ወደ ኋላ ይተኛል። ለዚህ ነው እንደ ናበጋና ዋገጠራ ያሉ ሐይቁን የሚነኩ ቀበሌዎች ላይ ሌላው አገር አበባየሁ ወይ እያለ እነሱ ገና ከውሃ ጋር የሚታገሉት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ የመጣው ጎርፍ ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ደንቢያን አንድ ላይ ነበር የመታው፣ ብዙ ሺ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። ያኔ ወጣት የነበሩት ዛሬ አባትና እናት ናቸው፣ ልጆቹ ቤት ሄደው ይጠይቁ፣ ውሃው እስከ የት ደረሰ፣ ከየት በኩል መጣ፣ ስንት ቀን ተኛ፣ ከብቱ የት ተወሰደ። አያት ያለው ደሞ "አባባ፣ ድሮስ እንዲህ ይሞላ ነበር?" ብሎ ይጠይቅ። ሁሉንም መልስ አንድ የቀበሌ ካርታ ላይ ማስቀመጥ ነው፣ የጎርፍ ካርታ ሰራችሁ ማለት ነው።

ጎርፉን ግን እንደ ጠላት ብቻ አድርጋችሁ አታስተምሩ፣ አንዳንድ አስተማሪ እንደዛ ሲያደርግ አልወደውም። አዲስ አፈር ይዞ የሚመጣው እሱ ነው፣ ሜዳው ለዘመናት ማዳበሪያ ሳይገዛ ያበላው በሱ ነው። ልጁ ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ይችላል፣ አታሳንሱት።

አፈሩ ጋር እንምጣ። ዋልካ፣ ያ ጥቁሩ ሸክላ አፈር። የሜዳው ልጅ ዋልካን በእግሩ ነው የሚያውቀው፣ ክረምት ጫማ የሚቀማው፣ በጋ ላይ ደሞ ጥጃ እግሩን የሚሰብርበት ስንጥቅ ያለው። የሚያስገርመው ሁለቱም ከአንድ ምክንያት መምጣታቸው ነው። ላቫ ሲበሰብስ የሚወጣው ይሄ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ውሃውን በደቃቅ ንጣፎቹ መካከል እያስገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። አብጦ ቀዳዳውን ሁሉ ስለሚዘጋ ከዛ በኋላ የሚመጣው ውሃ ወደ ታች አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ይተኛል። ሲኮማተር ይሰነጠቃል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ እዛ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ይጠፋል፣ መሬቱ የሚጠግብ አይመስልም፣ ሐምሌ ላይ ግን ስንጥቁ ይገጥምና በቃ ከዛ ወዲያ ጠብታ አይቀበልም። ልጆቹ እርጥብ ዋልካ ድቡልቡል አድርገው ይስሩ፣ ከጎኑ ከደጋ የመጣ ቀይ አፈር ያድርጉ፣ መጠኑን በክር ለክተው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡትና ከደረቀ በኋላ ደግመው ይለኩት። የቱ እንደቀነሰ፣ የቱ እንደተሰነጠቀ አይታችሁ ስታበቁ ወደ ውጪ ውሰዷቸው፣ የተጋደመ የአጥር እንጨት፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት፣ እንደ ማዕበል የሚያነጥር አስፋልት አሳዩዋቸው። መሬቱ እየተነፋና እየተኮማተረ ነው ይሄን ሁሉ የሚያነቃንቀው።

ሰብሉን ለብቻው አታስሸምድዱ፣ ከዚሁ ጋር አያይዙት። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ ክረምት ምን ሊበቅል ይችላል? ድሮ መልሱ ባብዛኛው ሳር ነበር፣ ስለዚህ የከብት አገር ነበር፣ ፎገራ በሚባል ዝርያ የሚታወቀው ባለ ብዙ ወተት ከብት የመጣው ከዚህ ግጦሽ ነው። ውሃው ሲሸሽ ደሞ መሬቱ ውስጥ በቀረችው እርጥበት ብቻ ጓያና ሽምብራ ይዘራል፣ ዝናብ ሳይነካው ይደርሳል። ስለ ጓያ አንድ ነገር ንገሯቸው፣ ውሃ ቢተኛበትም ድርቅ ቢመጣም የማይሞት ጉደኛ ሰብል ነው፣ ለዛ ነው በክፉ ቀን ሰው እጅ ላይ የሚቀረው እሱ ብቻ የሚሆነው፣ ግን ለወራት እሱን ብቻ በብዛት የበላ ሰው እግሩ ሽባ ሊሆን ይችላል፣ የማይመለስ ሽባነት። የአየር ሁኔታ፣ አፈር፣ ረሃብና ህክምና በአንድ ፍሬ ላይ ሲገናኙ ማለት ነው።

ሩዝ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጂግና በሚባለው አካባቢ የነበረ ማህበር ላይ ሞክረውት፣ ለብዙ አመት ገበሬው የዘራው ዝርያ ስሙ ራሱ ኤክስ ጂግና ነው። የሚገርመው ግን የሩዝ ዘመድ የሆነ የዱር ሳር ከዛ በፊትም ውሃው ውስጥ ራሱን በራሱ ሲበቅል መኖሩ ነው፣ መሬቱ ምን እንደሚፈልግ ሲናገር ነበር። ሩዝ የተኛ ውሃ ይወዳል፣ እና ለሰው ማባረሪያ የነበረው ውሃ ድንገት ገንዘብ ሆነ፣ ገበሬው ነጭ ወርቅ ይለዋል፣ ዛሬ ወረታ ላይ የሩዝ ምርምር ማዕከል አለ፣ ከተማው ውስጥም የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ድምፅ የማይሰማበት ሰፈር ፈልጉ። እንጀራውም ከጤፍ ጋር እየተደባለቀ ነው። ህዳር አካባቢ ሩዙ ይታጨዳል፣ ጓያው ይከተላል፣ ፓምፕ ያለው ደሞ ከወንዙ እየሳበ ሽንኩርት ያደርግበታል። በአመት ሁለቴ ሶስቴ የሚያመርት መሬት ሆነ። የተከፈለው ዋጋም አለ፣ ግጦሹ ታረሰ፣ የፎገራ ከብት ቁጥሩ ተመናመነ፣ በርብና በጉማራ መካከል ያሉት ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ብዙው ክፍላቸው ደርቆ ማሳ ሆነ። እነዛ ረግረጎች ከአውሮፓ ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች የሚያርፉባቸው፣ አሳ የሚራባባቸው፣ ጎርፉም ትንሽ አረፍ የሚልባቸው ነበሩ። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሰራበት ደንገልም እንደዛው እየሳሳ ነው፣ በቦታው የመጣው እምቦጭ ነው። እምቦጭ ደሞ ዝም ብሎ አይደለም በሰሜንና በምስራቅ ዳርቻ የበዛው፣ ወንዞቹ ደለልና ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ የሚያራግፉበት፣ ውሃው ያልጠለቀበት ዳር እዛ ስለሆነ ነው።

ስለ አየር ንብረቱ ብዙ አልልም፣ ዝናቡ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፣ ሙቀቱ ወይና ደጋ ነው፣ ውሃው በሚያቁርበት ጊዜ ወባ አለ፣ ይሄን መፅሐፉም በደንብ ይዞታል።

ውጪ አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ ሜዳውን ማሳየት የማትችሉ ደሞ ጉግል ኧርዝን ተጠቀሙ። ኮምፒውተር ላይ ማውሱን ስታንቀሳቅሱ ከስር የቦታውን ከፍታ ያሳያል፣ ልጁ ከጉና ጫፍ ተነስቶ እስከ ጣና ዳር ማውሱን እየጎተተ በየመሃሉ ቁጥሩን ይፃፍ፣ ግራፍ ይስራበት። መጀመሪያ ገደል፣ ከዛ ድንገት ለጥ ያለ መስመር ይሆንለታል። ቀጥሎ የርብንና የጉማራን አፍ አጉልታችሁ እዩ፣ ወንዙ ሐይቁ ውስጥ እየገባ የራሱን መሬት ሰርቶ እንደምላስ ወጥቶ ይታያል፣ ውሃው ዳር ዳሩ ቡናማ ነው። ሜዳው ውስጥ ደሞ ወንዝ የሌለበት የወንዝ ቅርፅ ታያላችሁ፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ጠባሳ፣ ወንዙ ድሮ የሄደበት መንገድ ነው። የቆዩ ምስሎችን የሚያሳየውን ሰዓት ነክታችሁ የክረምት ማብቂያንና የግንቦትን ምስል ካወዳደራችሁ ሁለት የተለያየ አገር ነው የሚመስለው። ለአያቱ ስልክ ደውሎ "እማማ፣ ያ ጥምዝምዙ ቦታ ማነው ስሙ?" ብሎ ቢጠይቅ ስም አለው፣ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ስም አለው።

ከፍ ላሉት፣ ሰባተኛ ስምንተኛ ክፍል ለደረሱት፣ የርብ ግድብን አንሱላቸው። ላይ ተራራው ግርጌ የተሰራ የአፈር ግድብ ነው፣ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ ነው የታቀደው፣ ለመስኖ። ጎርፉንም ይቀንሳል ተብሎ ነው። ግን እስካሁን የተማሩትን ይዘው ያስቡት፣ ግድቡ ውሃውን ሲያቆመው ውሃው ፍጥነቱን ያጣል፣ ፍጥነቱን ሲያጣ ምን ይጥላል? የት ይጥላል? ከግድቡ በታች ያለው ማሳስ አዲስ አፈር ከየት ያገኛል? ሐይቁ ሲሞላ የሚመጣውን ጎርፍስ ግድቡ ያስቆመዋል ወይ? የመጨረሻውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ልጅ ነገሩ ገብቶታል፣ ምክንያቱም ያኛው ጎርፍ ከታች ነው የሚመጣው።

ፈተናም ስታወጡ "ሜዳ ምንድን ነው" የሚለውን ተዉት። አንድ ቀላል ንድፍ ሳሉ፣ ወንዝ፣ የወንዙ ዳር፣ ከኋላው ያለው ማሳ፣ ከዛ ሐይቁ። ከስር ሶስት ጥያቄ ይበቃል፣ ቤት የት ትሰራለህ፣ ሩዝ የት ትዘራለህ፣ ሽንኩርት የት ታደርጋለህ፣ ለምን። ቤቱን ሁሉም ወንዙ ዳር ጉብታው ላይ አያደርገውም፣ አንዳንዱ አስፋልቱ አጠገብ ነው የሚሰራው፣ ምክንያቱ አስፋልቱ ራሱ በአፈር ተደልድሎ ከፍ ያለ ስለሆነ ነው ካለ ሙሉ ማርክ ስጡት፣ መብራትና ታክሲ ስላለ ነው ካለ ግማሽ።